ሦስት ኑዛዜ፣ አንድ ግቢ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዳማ ነው። አባዬ ባለፈው ጥር አረፈ። አራት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ ከእኔ በታች ያለችው እህቴ ካናዳ ናት። የመጨረሻው ወንድማችን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤት ይኖራል። እማዬ በሕይወት አለች፤ ጉልበቷ ግን ደክሟል። አባዬ ትቶት የሄደው ፍራንኮ አካባቢ ያለውን ቤትና ገበያ አጠገብ ያለችውን ሱቅ ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ የአባዬን ሳጥን ስከፍት ሁለት ኑዛዜ አገኘሁ። አንዱ የ2004 ነው፤ ቤቱን ለታላቅ ወንድሜ ይሰጣል። ሌላው የ2012 ነው፤ ዳዊቱ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ሁለት የደብተር ቅጠል ነው። ቤቱን ለአራታችን እኩል፣ ሱቋን ለእኔ ይላል። መጨረሻው ላይ ቀንና ፊርማ አለው። ሁለቱም የአባዬ እጅ ጽሑፍ ናቸው። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ስለነበር ጽሑፉን የማያውቅ ሰው የለም።

የ2012ቱን ለቤተሰቡ ሳሳይ ትንሹ ወንድሜ ሦስተኛ ወረቀት አወጣ። የ2015 ነው። «ቤቱም ሱቁም እስከ መጨረሻው ለጦረኝ ለትንሹ ልጄ» ይላል። የአባዬ እጅ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የጻፈችው የወንድሜ ልጅ ናት። አባዬ ፈርሞበታል፤ ሁለት ጎረቤቶችም በምስክርነት ፈርመዋል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የሚጽፈው «ናዝሬት» ብሎ ነበር። ይሄ ወረቀት ግን «አዳማ» ይላል። ወንድሜ «የሚጸናው የመጨረሻው ነው፣ አለቀ» ብሏል።

የ2004ቱን እስካሁን ለማንም አላሳየሁም። ታላቄ ካየው ነገሩ ይብሳል ብዬ ነው። አንዲት ጓደኛዬ «አቃጥይውና ተገላገይ» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

የአባቷ ልጅ፣ ከአዳማ

መልስ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የአባትሽንም ነፍስ ይማር።

ከሁሉ በፊት ክብሪቱን አስቀምጪው። ጓደኛሽ ለአንቺ አዝና ነው ያለችው፤ ግን ክፉ ምክር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሟችን ኑዛዜ ሆን ብሎ ያጠፋ ወይም የደበቀ ሰው ለመውረስ ያልተገባ ሊባል እንደሚችል ይናገራል። ሐሰተኛ መሆኑን እያወቀ በኑዛዜ የተጠቀመም እንደዚያው ነው። አንቺ አንዲት ቅጠል አጥፍተሽ ሰላም ይወርዳል ብለሽ ነው። ነገ ግን «ሳጥኑን ማን ነው የከፈተው?» ሲባል ጣቱ ሁሉ ወደ አንቺ ይዞራል። ያኔ የ2012ቱንም ወረቀት ማን ያምንሻል?

የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ልታቃጥይው ያሰብሽው ወረቀት ምናልባት ራሱ ሞቷል። ሰው በገዛ እጁ ጽፎ ቤቱ ያስቀመጠው ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይወድቃል። ከ2004 ወዲህ ስንት ዓመት እንደሆነ ቁጠሪው። አባትሽ ቅጂውን አንድ ቦታ አስቀምጠው እንደሆነ ሳጥኑ ውስጥ ደረሰኝ ወይም ማህተም ያለበት ወረቀት ፈልጊ። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ታላቅ ወንድምሽ በዚህ ወረቀት ቤት ለመውሰድ መንገዱ በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ አትፍሪው። አውጪው፣ አሳዪው፤ ለምን እንደዘገየሽም ንገሪያቸው። ዛሬ ብትናገሪ ትንሽ ታፍሪ ይሆናል። ፍርድ ቤት ውስጥ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ስም ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ትንሹ ወንድምሽ እንሂድ። «የሚጸናው የመጨረሻው ነው» የሚለው አባባል በየሰፈሩ የሚነገር ነው፤ ውሸትም አይደለም። አንድ ሰው ብዙ ኑዛዜ ትቶ ሲሞት አብረው ሊፈጸሙ የሚችሉት ቃሎች አብረው ይፈጸማሉ። የሚጋጩ ከሆነ ደግሞ የኋለኛው ይበልጣል። ወንድምሽ የዘለለው ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ወረቀቱ ከሌላው ጋር ከመወዳደሩ በፊት ራሱ ኑዛዜ መሆን አለበት። ሕጉ የሚፈልገውን ሥርዓት ያላሟላ ወረቀት ትናንት ቢጻፍም ሰልፍ ውስጥ አይገባም።

ሕጉ የሚያውቀው ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ነው። አንዱ በቃል የሚደረገው ነው፤ እሱ ለትንንሽ ነገር ስለሆነ እንለፈው፣ ቤት አይሰጥበትም። ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ የሚጽፈው ነው። ይሄ ምስክር አያስፈልገውም፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል የተናዛዡ የራሱ ጽሑፍ መሆን አለበት። ሦስተኛው በግልጽ የሚደረገው ነው። እሱን ሌላ ሰው ቢጽፈው ግድ የለም። ግን ተናዛዡና አራት ምስክሮች ባሉበት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑም እዚያው ላይ መጻፍ አለበት፤ ከዚያ ተናዛዡም ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ። አራት ምስክር ነው ያልኩት። ሁለት የሚበቃው ከሁለቱ አንዱ ዳኛ ወይም አዋዋይ ሆኖ በሥራው ላይ እያለ ሲመሰክር ነው።

እንግዲህ የ2015ቱን ወረቀት እዚህ ላይ አስቀምጪው። የጻፈችው የልጅ ልጃቸው ናት፤ ስለዚህ በራሳቸው እጅ የተጻፈ ኑዛዜ አይደለም። ምስክሮቹ ሁለት ጎረቤቶች ናቸው፤ ስለዚህ የግልጽ ኑዛዜም ሥርዓት ጎድሎታል። በሁለቱ መሐል ወድቋል። ይሄ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ብድር ስንበዳደር ወይም ዕቃ ስንሸጥ ሁለት ሰው ጠርተን ማስፈረም ስለለመድን ኑዛዜም እንደዚያው ይመስለናል። በደንብ የታሰበበት ኑዛዜ በሁለት ሰው እጥረት ብቻ ሲፈርስ ያየሁባቸው ቤቶች አሉ፤ ምስክሮቹ ደግሞ ከበሩ ውጭ ቡና ሲጠጡ ከነበሩት ሰዎች መሐል የተጠሩ ነበሩ። ሁለት ሰው ጨምሮ መጥራት የሚከብድ ነገር አልነበረም። ከጎረቤቶቹ አንዱ በዚያ ቀን በሥራው ላይ የነበረ ዳኛ ወይም አዋዋይ ካልሆነ በቀር (ሆኖ ቢሆን ኖሮ ወንድምሽ ይህን ቀድሞ ይነግርሽ ነበር) የ2015ቱ መቆሚያ አጥቷል።

«ናዝሬት» እና «አዳማ» የሚለውን ነገር ግን ያን ያህል አትመኪበት። ከተማዋ አዳማ የሚለውን ስሟን በይፋ ከያዘች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የድሮ ሰው አፍ ግን አልለቀቀም። ታዲያ የጻፈችው ልጅቷ መሆኗን ራስሽ ብለሻል። እሷ ትምህርት ቤት የተማረችውን «አዳማ» ነው የጻፈችው። ይሄ ብቻውን ማጭበርበርን አያሳይም። እባክሽ ልጅቷንም አትውቀሷት። አያቷ ጻፊልኝ ሲሏት የጻፈች ልጅ ናት።

አሁን የ2012ቱ ቀረ፤ አንቺም የተመካሽው በእሱ ላይ ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያልኩት ግን እዚህ ጋ ነው። «ሁለት የደብተር ቅጠል ነው፤ መጨረሻው ላይ ቀንና ፊርማ አለው» ብለሻል። መጨረሻው ላይ ብቻ ነው? ሰው በእጁ የሚጽፈው ኑዛዜ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ ቀንና ፊርማ ይፈልጋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የመጨረሻው ቅጠል ላይ ብቻ ከተፈረመ ማንም ሰው የመጀመሪያውን አውጥቶ ሌላ ሊያስገባበት ይችላል። ደግሞም ሱቋ ለአንቺ እንደተሰጠች የሚናገረው የትኛው ቅጠል ነው? ያልተፈረመው ከሆነ ወንድሞችሽ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ይህንኑ ነው።

ሌላም የምታዪው አለ። ወረቀቱ ራሱን «ኑዛዜ» ብሎ ይጠራል? ሕጉ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ እንዲጻፍ ይፈልጋል። «ልጆቼ ሆይ፣ ሐሳቤ ይሄ ነው» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ልብ ይነካል፤ ኑዛዜ ለመባል ግን ይቸገራል። ስርዝ ድልዝ አለው? አለ ከሆነ አባትሽ አጠገቡ ፈርመውበታል? አባትሽ የዕድር ጸሐፊ ስለነበሩ አንድ ተስፋ አለኝ። ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ በየገጹ ግርጌ መፈረም ይለምዳል።

ይሄን ሁሉ ካልኩ በኋላ ከደብዳቤሽ ወደ አስገረመኝ ነገር ልምጣ። ሦስት ኑዛዜ፣ አራት ልጅ፣ ቤት፣ ሱቅ ዘርዝረሻል። እናትሽን የጠቀስሻቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ጉልበቷ ደክሟል» ብለሽ። ሦስቱም ወረቀቶች ስለ እሳቸው አንድ ቃል ያላቸው አይመስልም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዚህ ነገር ሥሩ እሳቸው ጋ ነው። ባልና ሚስት በጋብቻቸው ውስጥ ያፈሩት ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ካርታው በባል ስም ብቻ ቢወጣም ያው ነው። የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግም እንዲሁ ነው የሚለው። ቤቱና ሱቋ ከተጋቡ በኋላ የተገኙ ከሆኑ ግማሹ የእናትሽ ነው። ይሄ ውርስ አይደለም፤ የራሳቸው ንብረት ነው። እንዲያውም በሕጋችን ሚስት ለባሏ በሕግ ወራሽ አይደለችም፤ በኑዛዜ ካልተሰጣት በቀር። ብዙ ልጆች ይህችን ሲሰሙ «እንግዲያው እናታችን የላትም» ይላሉ። ተሳስተዋል። አትወርሰውም ማለት የራሷን ግማሽ ታጣለች ማለት አይደለም። አባትሽ በየትኛውም ዓመት፣ በምንም ዓይነት ያማረ ጽሑፍ፣ ሊሰጡ የሚችሉት የራሳቸውን ግማሽ ብቻ ነበር።

ስለዚህ «ሱቋን ለእኔ» የሚለው ቃል ቢጸና የሚደርስሽ የሱቋ ግማሽ ነው። «ቤቱን በሙሉ ለትንሹ ልጄ» የሚለው ቢጸናም የቤቱ ግማሽ ነው። ሦስቱም ወረቀቶች ቢወድቁስ? ያኔ የአባትሽ ግማሽ ለአራታችሁ እኩል ይከፈላል፤ ከቤቱ ለእያንዳንዳችሁ የሚደርሰው ከስምንት እጅ አንዱ ነው። ያቺ ስምንተኛ እጅ ለጠበቃና ለምልልስ የምታወጡትን ታወጣለች ወይ? ይህን ሒሳብ አራታችሁም ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ለጠበቆች ዳቦ እንዳልዘጋ እሰጋለሁ እንጂ፣ ሰው ይህን ሒሳብ ቀድሞ ቢያወጣ ብዙ መዝገብ አይከፈትም ነበር።

ኑዛዜው ቢጸናም ማለቂያው አይደለም። ልጅን ከውርስ ለመንቀል ተናዛዡ በግልጽ መናገር፣ ምክንያቱንም መጻፍ አለበት። «ሁሉንም ለእገሌ» ማለት ብቻ ሌሎቹን ልጆች አይነቅልም። በክፍፍሉ ድርሻው ከሚገባው ከሩብ በላይ የተቀነሰበት ልጅም መቃወም ይችላል። ይህ ለአንቺም ይሠራል፤ በአንቺም ላይ ይሠራል። ሱቋ ከቤቱ የምትበልጥ ከሆነች ካናዳ ያለችው እህትሽም ልትጠይቅሽ ትችላለች።

ስለ ትንሹ ወንድምሽ አንድ ነገር ልበል። ወረቀቱ ደካማ ነው ማለት ሰውየው ውሸታም ነው ማለት አይደለም። አባትሽ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ሳለ ሌሊት የሚያነሣቸው፣ ሽንት ቤት የሚያደርሳቸው፣ መድኃኒት የሚገዛው እሱና ሚስቱ ከሆኑ «ለጦረኝ» የሚለው ቃል ከባዶ አልመጣም። ይህን ሕጉ ባይከፍለውም እናንተ መክፈል ትችላላችሁ። ወራሾች ከተስማሙ እንደፈለጉ መከፋፈል ይችላሉ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ሊያጸድቀው ይችላል። የሚኖርበት ሰርቪስ ለእሱ ይሁን ብትሉ ማን ይከለክላችኋል? ሽማግሌ የምትጠሩ ከሆነ መጀመሪያ ይሄ ይነሣ። ስለ ፊርማ ከመነጋገራችሁ በፊት «አባታችንን ስለጦርክልን እናመሰግናለን» የሚል ሰው ይኑር። ይሄ እስካሁን በቤታችሁ አለመባሉን እጠረጥራለሁ።

ይሄ ችግር የእኛ ሰፈር ብቻ እንዳይመስልሽ። ዝነኛዋ አሜሪካዊት ዘፋኝ አሬታ ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ2018 ስታርፍ መጀመሪያ ኑዛዜ አልተወችም ተባለ። በኋላ ቤቷ ሲፈተሽ በእጇ የተጻፉ ወረቀቶች ተገኙ። የ2010ሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር። የ2014ቱ ደግሞ ሶፋ ትራስ ሥር በተቀመጠ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ። ልጆቿ በሁለቱ ወረቀቶች ተካሰሱ። በመጨረሻ በ2023 የሚቺጋን ዳኝነት ሸንጎ የ2014ቱ የጸና ኑዛዜ ነው ብሎ ወሰነ። ሸንጎው ለመወሰን አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም፤ ቤተሰቡ ግን አምስት ዓመት ፈጅቶበታል። እዚያ ያለው ሕግ ከእኛ ይለያል፤ የሶፋው ትራስና የዳዊቱ ነገር ግን አንድ ነው። ሰው የሚወደውን ነገር የሚያስቀምጠው በሚወደው ዕቃ ውስጥ ነው።

አሁን በተግባር። ወረቀቶቹን በስልክሽ በሁለቱም ወገን ፎቶ አንሺና ለሁሉም በአንድ ቀን ላኪላቸው፤ የ2004ቱንም ጨምረሽ። ዋናውን በፖስታ ውስጥ አድርጊና አንድ ሁላችሁም የምታምኑት ሰው ጋ አስቀምጪው። እባክሽ ላሚኔት አታስደርጊው! ሰዉ ለጥንቃቄ ብሎ ያስደርጋል። ነገር ግን ፊርማውና ጽሑፉ ቢካድ ዋናው ወረቀት ለምርመራ ሊላክ ይችላል፤ በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀት ለመርማሪው ሥራ ያከብዳል። አትበሺው፣ በስቴፕለር አትምቺው፣ ጥግ ላይም «ቁጥር 2» ብለሽ አትጻፊበት። ማነጻጸሪያ እንዳይቸግርሽ የዕድሩን ቃለ ጉባኤ ጠይቂ። ያልተካደ፣ ቀኑ የታወቀ የአባትሽ ጽሑፍ ያለው እዚያ ነው። ከ2010 እስከ 2015 ያሉትን ገጾች ፈልጊ፤ ሰው ሲያረጅ ጽሑፉም አብሮ ያረጃልና የወጣትነታቸው ጽሑፍ ብቻ አይበቃም።

አዳማ ያለው የክልሉ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው። ኑዛዜዎቹ በአማርኛ ስለሆኑ ትርጉም ይጠየቃል። የሚያስተረጉም ሰው ስትይዢ ቃል በቃል የሚሠራ ይሁን፤ «ሰጥቻለሁ» እና «ልሰጥ አስቤአለሁ» የሚባሉት የተለያዩ ናቸው። ከዚያ የውርስ አጣሪ እንዲሾም መጠየቅ ትችላላችሁ። አጣሪው ንብረቱን ይመዘግባል፣ ዕዳውን ያያል፣ የእናትሽን ግማሽ ይለያል፣ ወራሹ ማን እንደሆነ ያስታውቃል። ኑዛዜ ያገኘ ሰው ለአጣሪው ማሳወቅ አለበት፤ አንቺ በሁለት ወረቀት፣ ወንድምሽ በአንድ። ካናዳ ያለችው እህትሽ ለመምጣት ካልቻለች እዚያ ባለው ኤምባሲያችን በኩል የተረጋገጠ ውክልና ትላክ። በዋትሳፕ የተላከ ድምፅ ለቤተሰብ ስብሰባ እንጂ ለመዝገብ አይሆንም።

የ2015ቱን ወረቀት መቃወም የምትፈልጉ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ኑዛዜን ለመቃወም ሕጉ የሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ መቁጠር የሚጀምረውም ኑዛዜው ሲነበብ ነው። ስለዚህ ከንባቡ በፊት አንድ የውርስ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ጋ ሄደሽ ወረቀቶቹን ከእጁ አኑሪለት። እኔ ያየሁት ደብዳቤሽን እንጂ ኑዛዜዎቹን አይደለም። ፊርማው የት እንዳረፈ በዓይኑ የሚያየው እሱ ነው።

ጠበቃ ጋ ከመሄድሽ በፊት ግን ወደ እናትሽ ግቢ። ሱቋ የተገዛችው መቼ እንደሆነ፣ ቤቱ ሲሠራ ማን ምን እንዳዋጣ፣ መጀመሪያ ሁለት ክፍል ብቻ እንደነበረና ሰርቪሱ መቼ እንደተጨመረ ጠይቂያቸው። ደረሰኝ ያላቸው እንደሆነም ጠይቂ፤ እናቶች የማይጥሉት ወረቀት አለ። ሲናገሩ ጻፊው። ከዚያ ዳዊቱን አምጪና የ2012ቱን ኑዛዜ የመጀመሪያ ቅጠል አብራችሁ ገልጡት። ግርጌውን አይታችሁ ፊርማ አለ ወይስ የለም፣ መልሰሽ ጻፊልኝ።